የግራው ኩላሊት

ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን። ሐኪሙ የሲቲ ስካኑ ፊልም ከተሰቀለበት የመብራት ሰሌዳ አጠገብ፣ የወንድሜ ሚስት ሃሊማ ወንበር ላይ፣ እኔ ከጎኗ ቆሜ፣ ወንድሜ ዩሱፍ በሩን ተደግፎ። ባለፈው የሙቀት ወራት እዚሁ ጅቡቲ የሆነ ነው። ዩሱፍ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ምሳውን እኔ ጋ ይበላ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለቀረ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሐኪሙ ከፈረንሳይኛ ሌላ አያውቅም። ሃሊማ ከሐረር በትዳር የመጣች ናት፤ ፈረንሳይኛዋ ከገበያ አያልፍም። ዩሱፍ ይችላል፤ ግን «ፊቷን እያየሁ አልችልም» ብሎ እኔን አስተርጓሚ አደረገኝ።

ከመግባታችን በፊት ኮሪደሩ ላይ ወደ ጎን ሳበኝ።

«እቴቴ፣ ክፉ ነገር ከተናገረ፣ ኩላሊቶቿ ላይ ያሉት ቋጠሮዎች ውሃ ብቻ ናቸው በያት። እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።»

በኛ ቤት ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም። እናታችንም ሕመሟን ሳታውቅ ነው የሞተችው። በሩን ከፈትኩ፤ እሺ ያልኩ መሰለው።

ሐኪሙ መጀመሪያ ቀኙን ኩላሊት አሳየን። እዚያ ያለው ቋጠሮ ግድግዳው ስስ ነው፣ ውስጡ ጥርት ያለ ውሃ ብቻ ነው፣ አይጎዳትም አለ። ተረጎምኩላት።

ሃሊማ ሳቀች። ወደ በሩ ዞራ «አንተ፣ እንቅልፍ ያጣኸው ለውሃ ነው? በል ትኬት ቁረጥልኝ፣ ሐረር እህቴ ጋ ልሂድ» አለችው።

ሐኪሙ አልሳቀም። ጣቱን ወደ ግራው አሻገረ። የዚህኛው ግድግዳ ወፍራም ነው። ውስጡም ተከፋፍሏል፤ በደም ሥሯ የተሰጣት መድኃኒት ሲደርስ ክፍልፋዮቹ ነጥተው ወጥተዋል። ውሃ ብቻ ቢሆን አይነጣም ነበር። ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ወጥቶ ሲመረመር ነው፤ እሱ ግን ነው ብሎ ይጠረጥራል። ሳይሰራጭ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት አለ።

«ምን አለ?» አለች ሃሊማ።

«ያው ነው፣ ይሄም ውሃ ነው» አለ ዩሱፍ ከበሩ፣ ፈጠን ብሎ።

እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር። ውሃ ነው ካልኳት ሐረር ትሄዳለች። ሐኪሙ ያለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

ዛሬም ቢሆን ያንኑ እነግራታለሁ። የዩሱፍ ወንበር ባዶ ሲሆን ግን ምሳው አይወርድልኝም።

ሃሊማ ፊልሙን ብዙ አየችው።

«እቴቴ፣ ቀኑን ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኩላት። በዚሁ ሳምንት አለ። ሻርፗን አስተካክላ ተነሣች። ዩሱፍ እጁን ዘረጋላት። በአጠገቡ አልፋ ወጣች።