ከምላሱ ሥር ያለችው ክር

ሕፃን ሲጠባ ጡቱ ሲያመልጠው የምትሰማ ድምፅ አለች። «ቋ» ትላለች። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ አራስ ልጇን አጠገቤ ተቀምጣ ስታጠባ ያችን ድምፅ ሰማኋት። ቋ። ትንሽ ዝም ይልና ደግሞ ቋ። እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ።

«ምነው እማማ?» አለችኝ።

ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ጉለሌ ነበር። አባቴ ከእንጦጦ ባሻገር ዱር ገብቶ ስለነበር እናቴ ወንድሜን የወለደችው እሱ በሌለበት ነው። የሰፈሩን ሴት ሁሉ የሚያዋልዱት ባልቴት ከሽሮ ሜዳ በላይ ይኖሩ ነበር። ወታደሮቹ መንገዱን በሽቦ አጥረው ያለ ወረቀት ሰው አናሳልፍም ስላሉ ሊደርሱልን አልቻሉም። እትብቱን የቆረጠችው ጎረቤታችን ናት።

የእናቴ ጡት ሞልቶ ይፈስ ነበር። ነጠላዋ የረጋ ወተት ይሸታል፣ የጡቷ ጫፍ ቆስሏል፣ ልጁ ግን ከቀን ወደ ቀን ይከሳል። ይይዛል፣ ቋ ይልና ይለቃል፣ ያለቅሳል። በኋላማ ልቅሶውም ቀጠነ። ውጭ የጣልያን ካሚዮን ሲያልፍ ጨርሶ አይሰማም ነበር።

ጎረቤታችን በየቀኑ እየመጣች «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ካልተቆረጠ ያንቀዋል» ትላለች። ነገሩ ለእናቴ አልዋጥላት አለ። «አዋላጇ ወረቀት አግኝተው እስኪመጡ ልጠብቅ» ትላታለች። የጣልያን ሐኪም ቤት ውሰጂው ያላትም ነበር፤ «አባቱ የት ነው ሲሉኝ ምን እላለሁ?» ብላ ተወችው። የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አርባ ቀኑ ደርሶ ክርስትና እንዲነሳ። ሳይጠመቅ የሞተ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም። ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ ጠራችኝ። ቤታችን መስኮት የለውም። እሷ ደግሞ አራስ ናት፤ ምች እንዳይመታት ፀሐይ አይነካትም። ልጁን አሳቀፈችኝና «በር ላይ ውሰጂውና ብርሃን ላይ አፉን እይልኝ። እንጥሉ ወርዷል ወይ?» አለችኝ።

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ፊቱ ላይ ሲያርፍ አለቀሰ፤ አፉም ተከፈተ። ያየሁትን እስከ ዛሬ አየዋለሁ። ሲያለቅስ ምላሱ አትነሳም። ጫፏ መሃል ለመሃል ሰርጎድ ብላለች፤ ከሥሯ ቀጭን ነጭ ነገር፣ እንደ ስፌት ክር ያለ፣ ወደ ታች ይዟታል። እንጥሉን አላየሁትም። እንጥል ምን እንደሚመስል እንኳ አላውቅም ነበር።

ግን የተጠየቅሁት ስለ እንጥል ነው። ጎረቤታችንም በሩ አጠገብ ቆማ «ታዲያስ?» ትለኛለች፣ ልክ ትልቅ ሰው እንደምትጠይቅ። በእኛ ቤት «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባልኩ ያደግኩ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሁለት ሴቶች ቃሌን ይጠብቁ ነበር። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

«አዎ» አልኩ። «ወርዷል።»

እንጥል ቆራጩ በማግስቱ መጣ። ጫፉ የተቆለመመ ብረት በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል፤ እጁ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። የወንድሜን ጭንቅላት በጉልበቶቼ መሃል አጥብቄ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሲጨርስ ቁራጯን ሥጋ በስንጥር አንስቶ «ያነቀው ይኸውላችሁ» አለ። እናቴ እጁን ሳመችው።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ጡት አልያዘም። ደሙን ይውጥ ነበር፤ ከዚያ አተኮሰው፤ በአራተኛው ቀን ዝም አለ።

አዋላጇ ወረቀታቸውን አግኝተው የደረሱት ያን ቀን ከሰዓት ነው። ሊያጥቡት ጭናቸው ላይ አስተኙትና፣ ከልማድ ይመስለኛል፣ ትንሿን ጣታቸውን ከምላሱ ሥር ሰደዱ። ቆም አሉ።

«ይኼ ልጅ እኮ ምላሱ የታሰረ ነው» አሉ። «በጥፍሬ ነበር የምለቀው። አፉን ያየ ሰው አልነበረም?»

እናቴ አየችኝ። እስክትሞት ድረስ አንድ ቀንም ነገሩን አላነሳችብኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከቤታችን በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቀበሩት። ስም የለውም። ዛሬም ለሞቱት ስጸልይ ሁሉንም በስማቸው እጠራና እሱ ጋ ስደርስ «ያ ልጅ» እላለሁ።

እና ባለፈው ሳምንት፣ እንዝርቴ በወደቀ ቀን፣ የልጅ ልጄ ሕፃኑን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ሰጠችኝ። «እማማ፣ እስቲ አፉን ይዩልኝ፤ እርስዎ ያውቃሉ» አለችኝ። አለቀሰ። ምላሱ አልተነሳችም፤ ጫፏ ሰርጎድ ብላለች።

«አላውቅም» አልኳት። ስልሳ ዓመት የዘገየች ቃል ናት። «ተነሺ፣ ሐኪም ይየው።»

ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሟ ምላሱን በጣቷ ቀና አደረገችና ከሥሩ በመቀስ ነካ አደረገችው። ሁለት ጠብታ ደም ወጣ፤ ወዲያው እናቱ ጡት ላይ አደረገችው። ጆሮዬን አቀናሁ። ቋ የለም። ይስባል፣ ይውጣል፣ ይስባል፣ ይውጣል።

«ስሙ ማን ይባላል?» አለች ሐኪሟ ካርዱን ይዛ።

«ገና ክርስትና አልተነሳም፤ ዐሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል» አለች የልጅ ልጄ።

ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። የልጅ ልጄ በደስታ የማለቅስ መስሏት ትከሻዬን አቀፈችኝ። እኔም እንደዚያው ይምሰላት ብዬ ዝም አልኩ።