አልጋ ፍለጋ

አውቶቡሱ ሉማሜ ላይ ለሻይ ሲቆም፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አልወረዱም። ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተዋል፤ የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር መዶሻ አግኝቶት ጠቁሯል። አናጢ መሆናቸውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የገረመኝ እንደ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልለው የያዙት መጽሐፍ ነው። ሲፈቱት የውጭ አገር የቤት ዕቃ መደብር ካታሎግ ሆኖ አገኘሁት። ቁም ሣጥኑንና ጠረጴዛውን ቶሎ ቶሎ ያልፉና አልጋ ሲያገኙ ይቆማሉ። ከሥሩ የተጻፈውን ሳንቲሜትር አይተው፣ ወርዱን ጉልበታቸው ላይ በስንዝር ይለካሉ።

«ሊሠሩት ነው፣ አባቴ?»

«ኧረ የለም! ይኸ እኮ ተበታትኖ በካርቶን ነው አሉ የሚሸጠው። ገዢው ራሱ ይገጥመዋል። በየአገሩ ያው አንድ ዓይነት ነው።» ገጹን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ። «ልጄ ዐረብ አገር ሰው ቤት ነው የምትሠራ። የቤቱ ዕቃ በሙሉ ከዚህ የተገዛ ነው ብላ ላከችልኝ።»

«ታዲያ ምን እየፈለጉ ነው?»

«የሷን አልጋ። የትኛው እንደሆነ በስልክ ስጠይቃት ትስቃለች እንጂ አትነግረኝም።»

የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። ከዚያ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።