አብሾ የጠጣሁበት ዓመት

መካነ ሰላም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በነበርኩበት ዓመት፣ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት መምህር መጣልን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ወደየአውራጃው ወጥተው እንዲያስተምሩ ይደረግ ነበር፤ እሱም ከእነዚያ አንዱ ነው። ዕድሜው ከእኔ እምብዛም አይርቅም። እኔ ዳዊት ጨርሼ፣ ዜማ ጀምሬ፣ ጺሜ ማቆጥቆጥ ከያዘ በኋላ ነው አስኳላ የገባሁት፤ ጎን ለጎን ስንቆም ወንድማማቾች እንመስል ነበር። ቢሆንም አንቱ እንለው ነበር። ጠዋት እንግሊዝኛ ያስተምረናል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥናት ያደርጋል።

«ተማሪ እንዴት እንደሚያስብ፣ የተማረውን እንዴት እንደሚይዝና እንደሚረሳ፣ ከቤቱ ርቆ ሲኖር አዲሱን ኑሮ እንዴት እንደሚለምደው ማወቅ እፈልጋለሁ» አለን። «ፈተና አይደለም። ማርክ የለውም። አትፍሩ።»

እኛ ግን ፈተና ያልሆነ ጥያቄ አናውቅም ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው። ቤታችን ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ፣ ከከተማው ሩቅ ስለሆነ መካነ ሰላም ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አብሮኝ የሚኖረው በከላላ በኩል ቁርኣን የሚያስቀሩ የአንድ ሼክ ልጅ ነው። ሥጋ የመጣ ቀን እሱም የእስላሙን፣ እኔም የክርስቲያኑን ለየብቻችን እንበላለን፤ ሽሮው ሲሆን አንድ ገበታ ነው። ሁለታችንም በቃል በመያዝ ያደግን ነን። እሱ ቁርኣኑን ከአባቱ እግር ሥር፣ እኔም ዳዊቱን ከየኔታ እግር ሥር። አንዳንዴ ተኝተን እሱ የሱን ይቀራል፣ እኔም የኔን እደግማለሁ፤ ቀድሞ የተሳሳተ ውሃ ይቀዳል።

መምህሩ አንድ በአንድ እየጠራ የሚጠይቀን ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። ተራዬ ደርሶ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ቀለም የተቀቡ ትናንሽ እንጨቶች፣ ሥዕሎች፣ ደግሞም አንዲት ሰዓት አየሁ። እጅ ላይ የምትታሰር አይደለችም፤ ለሩጫ ውድድር የሚይዟት፣ ሲጫኗት የምትነሳ ሲጫኗት የምትቆም ናት።

መጀመሪያ አራት ሥዕል አሳየኝ። በሬ፣ ላም፣ ፈረስና ሞፈር።

«ከእነዚህ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር የማይሄደው የቱ ነው?»

«ፈረሱ» አልኩ።

«ለምን?»

«በሬው በሞፈሩ ያርሳል። በሬውን የወለደችው ላሟ ናት። ፈረሱ እዚህ ምንም ጉዳይ የለው።»

አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ጻፈ። ከዚያ እንጨቶቹን በሥዕሉ መሠረት ግጠም አለኝና ሰዓቷን ተጫናት። ድምፅዋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለች። የኔታ ፊት መጣደፍ ነውር ነበር፤ «ቀስ ብለህ አላምጠው፣ ያላመጡት አይዋጥም» ነበር የሚሉን። እዚህ ግን «ፍጠን» ተባልኩ። እጄን አላበው። ቀዩ እንጨት ከእጄ ወድቆ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ጎንበስ ብዬ ሳነሳው ሰዓቷ ትቆጥራለች። ምንም ሳልገጥም ተጫናትና አቆማት።

በመጨረሻ ስለ ኑሮዬ ጠየቀኝ። አዎን ወይም አይደለም ብቻ ነበር የሚባለው። እንቅልፍ እምቢ ይልሃል? ሰዎች የሚጠሉህ ይመስልሃል? ብቻህን ስትሆን ታለቅሳለህ? ጨዋ ልጅ ገመናውን ለባዳ አይነግርምና ለሁሉም «አይደለም» አልኩ።

የሼኩ ልጅ ሲወጣ እየሳቀ ነበር። «ሰዓቷን እንደ ዝንብ ነው የቆጠርኳት፤ ትጩህ ብዬ ተውኳት» አለኝ።

ነገሩ እዚያው ቢቀር መልካም ነበር። ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ዲሬክተራችን ክፍላችን ገቡ። መምህሩም ከኋላቸው በሩ ላይ ቆመ።

«ሚኒስትሪ ደርሷል» አሉ፤ የስምንተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን ነው ሚኒስትሪ የምንለው። «የሚያልፈው ከፊት ይቀመጣል፣ የማያልፈው ከኋላ። በማያበቅል መሬት ላይ ዘር አንበትንም።»

ከመምህሩ የጥናት ወረቀት ላይ ስም እየጠሩ አስነሱን። የሼኩ ልጅ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ። መምህሩ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጌታዬ፣ ጥናቱ ለዚህ አልነበረም» አለ።

«አንተ ዓመትህን ጨርሰህ ትሄዳለህ። ትምህርት ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ» አሉት። መምህሩ ከበሩ ፈቀቅ አለ።

የኔታ ገርፈውኛል። ሰነፍ ብለውኛል፣ እንቅልፋም ብለውኛል። አእምሮ የለህም ግን ብለውኝ አያውቁም። ትምህርት አልገባው ያለውን ልጅ «ልቡ አልተከፈተም» ነበር የሚሉት፤ የተዘጋ ደግሞ ቀኑ ሲደርስ ይከፈታል። ይሄኛው ሌላ ነበር። ከአዲስ አበባ በመጣ መሣሪያ ተለክቼ ጎደሎ መሆኔ የተረጋገጠ መሰለኝ። እንቅልፍ ራቀኝ። የማውቀው ሁሉ ይጠፋኝ ጀመር፤ ሒሳብ ልሠራ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ስወጣ የሰባትን ብዜት ረሳሁና ክፍሉ ሳቀብኝ።

«አብሽር» ይለኛል የሼኩ ልጅ። «የተቀየረው ወንበርህ ነው። አንተ አልተቀየርክም።»

«አንተ ከፊት ተቀምጠህ ነው ይሄ የሚቀልህ» አልኩት አንድ ቀን። ከዚያ ወዲህ ዳዊትና ቁርኣን መፎካከሩም ቀረ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ከየኔታ ዘንድ አብሮኝ የተማረ ልጅ አገኘሁ። ቅኔ ሊማር ጎጃም ተሻግሮ ተመልሷል። ብሶቴን ስነግረው አብሾ አነሳ። አብሾ በቤተ ክህነት ተማሪዎች ዘንድ ስሙ በሹክሹክታ የሚነሳ ተክል ነው፤ የጠጣው የሰማውን አይረሳም ይባላል።

«ሁሉ አይችለውም» አለኝ። «የቻለው ግን ልቡ ይከፈታል። ያልቻለው...» እጁን አወናጨፈና ተወው።

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

እሑድ ማለዳ፣ የሼኩ ልጅ ልብሱን ሊያጥብ ወንዝ ሲወርድ፣ ከገበያው ልጅ የተቀበልኩትን አብሾ በባዶ ሆዴ ጠጣሁት። ከዚያ የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። አፌ እንደ ገለባ ደረቀ። በበሩ የሚገባው ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ። ደብተሬን ገልጬ ቆየሁ፤ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ሰልፍ መሄድ ጀመሩ፤ እኔም በጣቴ ልመልሳቸው ታገልኩ። የሞተው አያቴ ከግድግዳው ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አልፈራሁትም፤ «አባባ፣ ከኋላ አስቀመጡኝ» አልኩት።

የቀረውን የነገረኝ የሼኩ ልጅ ነው፤ እሱም በግድ። ከወንዝ ሲመለስ ክፍሉ ባዶ ነው። ያገኘኝ ከከተማው ወጥቼ ወደ ገደሉ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአንድ እጀ ጠባብ ብቻ፣ የዳዊቱን መዝሙር ከዚህም ከዚያም እየቀላቀልኩ ስጮህ ነበር። ልጆች ይከተሉኛል። ሲይዘኝ አላወቅኩትም፤ ነከስኩት። እሱና አንድ መንገደኛ ታግለው ጣሉኝና ገና ውሃው ባልደረቀ ጋቢው እጄን አሰሩኝ። ተሸክመው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። የጥርሴ ምልክት ክንዱ ላይ እስከ ዛሬ አለ።

የጤና ጣቢያው ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ዓይኔን ገልጦ ሲያይ ጥቁሩ ብሌን ዓይኔን ሁሉ ሞልቶታል። «አብሾ ነው» አለ። «ከተረፈ ይወጣለታል። ውሃ ስጡት፣ ከገደል ጠብቁት፣ ከእሳትም ጠብቁት። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

መምህሩ ወሬውን ሰምቶ ሮጦ መጣ አሉ። ወደ ማደሪያው አልተመለሰም። የሼኩ ልጅ ሲደክመው እሱ ይይዘኛል፣ እሱ ሲደክመው የሼኩ ልጅ። ወደ ቤተሰቤም መልእክት ላኩ።

እናቴ በበቅሎ ደረሰች። ይሄን አስታውሳለሁ፤ ባላስታውሰው ይሻለኝ ነበር። አንዲት ሴት ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። ፊቷን አየሁት። አፍንጫዋን፣ አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት፣ ሁሉንም አየሁት። ማን እንደሆነች ግን አላውቅም።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» ትለኛለች።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አልኳት። አንቱ አልኳት። እናቴ ይሄን ስትሰማ እጇን ከፊቴ ላይ አነሳች።

አባቴ በማግስቱ በእግራቸው ገቡ። ጠበል ረጩኝ፣ ጸለዩልኝ። የሼኩ ልጅም በበኩሉ ጥጉን ይዞ ይቀራልኛል። የዚያን ዕለት ከሰዓት አእምሮዬ መለስ ይል ጀምሮ ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስተኛ አባቴና መምህሩ ከአጠገቤ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ልጄን መዘንከው አሉኝ» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ጎድሎ አገኘኸው?»

«የለም አባ። እኔ የመዘንኩት ፍርሃቱን ነው። አእምሮውን አልነበረም። ያን ጊዜ ግን ልዩነቱን አላየሁትም።»

«ታዲያ ያልገባህን ነገር ምነው ለሰው ነገርክ?»

«አለቃዬ ሲጠይቁኝ እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።»

አባቴ ተነፈሱ። «አብሮኝ ቅኔ የተማረ ሰው አለ። ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ይሄንኑ ጠጣ። ዛሬ ከደብር ደብር ይዞራል፤ ስሙን ብትጠራው ዞሮ አያይህም። ይሄን ለልጄ ነግሬው አላውቅም። ነገሩን ካነሳሁበት ያስበዋል ብዬ ፈራሁ። አየህ፣ እኔም ዝም ብያለሁ።»



ልቤ ቢመለስም ዓይኔ ወዲያው አልተመለሰም። ሩቁን ተራራ አያለሁ፤ ከእጄ ላይ ያለው መጽሐፍ ግን ጭጋግ ነው። ማንበብ ለዘላለም የተወሰደብኝ መስሎኝ ለማንም ሳልናገር መጽሐፍ ገልጬ የማነብ መስዬ እቀመጥ ነበር። ቀስ በቀስ ፊደሎቹ ተለዩልኝ። ሚኒስትሪው ግን አለፈኝ። ጓደኞቼ ሲፈተኑ እኔ ወላጆቼ ቤት ነበርኩ፣ እናቴ በር ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ።

መምህሩ ዲሬክተሩን ለምኖ ነበር፤ ወንበሮቹ ወደነበሩበት ይመለሱ ብሎ። አልተመለሱም። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት በቅሎ ተከራይቶ እቤታችን ድረስ መጣ። ከግቢያችን ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ወረቀትም ሰዓትም አልያዘም።

«ያን ጊዜ እንቅልፍ እምቢ ይልሃል ወይ ብዬህ ነበር» አለኝ። «አሁን ልጠይቅህ?»

«ይጠይቁኝ።»

«እምቢ ይልሃል?»

«አዎን። ዓይኔን ስከድን አእምሮዬ ድጋሚ የሚሄድብኝ ይመስለኛል።»

«ያን ጊዜስ?»

«ያን ጊዜም እምቢ ይለኝ ነበር። ይኼ ለሰው የሚነገር አይመስለኝም ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ሊያጽናናኝ አልሞከረም፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። «እኔ መጠየቅ የተማርኩ መስሎኝ ነበር» ብቻ አለ። እናቴ እርጎ አቀረበችለት፤ ጠጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልተያየንም።

የሼኩ ልጅ አልፎ ደሴ ገባ። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ብቻዬን ተመልሼ፣ በዚያው ክፍል፣ ከኋላ መቀመጫ ላይ ተምሬ ተፈተንኩና አለፍኩ። ውጤቱ የመጣ ቀን ደስታ እጠብቅ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ትከሻው ላይ የሚሰማው ዓይነት ሕመም ነው። በወረኢሉ የሚያልፈው አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ ደሴ ስወርድ ጓደኛዬ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ስለዚያ እሑድ አላነሳንም። ሽሮ በላን።

በኋላ መምህር ሆኜ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ከዳዊቱ መካከል አንዳንድ መዝሙራት ግን ተመልሰው አልመጡልኝም። መጽሐፍ ገልጬ አነባቸዋለሁ፤ ስከድነው ይሄዳሉ። አብሾው ወስዷቸው ይሁን ባለመደጋገሜ ጠፍተው ይሁን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። አባቴ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስደናቀፍ ሰምተውኝ፣ ቃሉን ቀስ ብለው አቀበሉኝና ፊታቸውን ወደ መቅደሱ መለሱ።

እናቴ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ልማድ አወጣች። ወግ ይዘን፣ ልጆቼ አጠገቧ ተኮልኩለው፣ ስንሳሳቅ ቆይተን በድንገት ዞር ትልና «እስቲ እኔ ማን ነኝ?» ትለኛለች። ልጆቼ አያታቸው የምትቀልድ ይመስላቸዋል።

«እናቴ ነሻ» እላታለሁ።

ስትጠይቀኝም ትስቃለች። ዓይኗ ግን መልሱን እስክትሰማ ድረስ አይስቅም።