ደገፋ ከገደሉ ላይ የዋለበት ቀን

አዳማ ያኔ ከባቡር ጣቢያው፣ ከጥቂት ቆርቆሮ ቤትና ከብዙ ወሬ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበራትም። ወሬው ከባቡሩ በፊት ይደርሳል። ባቡሩ አዋሽ ላይ ሲያረፍድ ለምን እንዳረፈደ ጣቢያው በር ላይ የተቀመጡት ሴቶች አስቀድመው ያውቁታል። በዚያ ወሬ ውስጥ ሰፊ ቦታ ከያዙት ሰዎች አንዱ ማር ቆራጩ ደገፋ ነበር። ሰውየው ራሱ ግን በቀን አሥር ቃል የሚናገር አይመስለኝም።

ደገፋ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የንብ ገደል ከሚባለው አለት ግርጌ፣ በአንዲት ጎጆ ብቻውን ይኖር ነበር። አግብቶ ነበር። ሚስቱ "ጭስ ጭስ የሚል ሰው" ብላ ወደ ሞጆ ሄደች ይባላል። ሞጆ ድረስ ሄዶ የጠየቃት ስለሌለ ይባላል እንበል።

ገደሉ ረጅም አይደለም። ሦስት ጎጆ አንዱ ባንዱ ላይ ቢደረደር ነው። ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ፍየል እንኳ ታየዋለች እንጂ አትሞክረውም። አናቱ እንደ ሰው ግንባር ወደ ውጭ ወጣ ብሏል። ከግንባሩ ሥር አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ የድንጋይ መደብ አለች፤ ንቦቹ የከተሙት ከመደቧ አጠገብ ባለው ዋሻ ውስጥ ነው።

ድሮ ደገፋ ወደ መደቧ የሚደርሰው ከላይ ወርዶ ነበር። ጓደኛው ባጫ አናቱ ላይ ቆሞ፣ መጫኛውን በግራር ግንድ አዙሮ ይይዝለታል። ደገፋ "ልቀቅ!" ሲል ይለቃል፣ "ያዝ!" ሲል ይይዛል። ሌላ ወሬ አልነበራቸውም፤ አያስፈልጋቸውምም። ከሚቆረጠው ማር የመጀመሪያው እሸት የባጫ ሚስት የአማረች ድርሻ ነበር።

ከዚያ አማረች ሞተች። በቀብሯ ዕለት ለቀስተኛው በገደሉ ሥር ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየው ምን መሰለህ? ደገፋን! ከመደቧ ላይ ተቀምጦ እጁን እያወዛወዘ። ባጫ ከቀብር ሲመለስ ሰው ሁሉ እየሰማ "ዘመዶቹ ንቦቹ ናቸው፤ ሲሞት ንቦቹ ይቅበሩት" አለ። ቃሉ ባጫ ቤቱ ሳይደርስ ደገፋ ጆሮ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተላከ፤ ሁለቱም "እሱ ይጀምር" አሉ።

ገመድ ያዥ ያጣው ደገፋ ከታች መውጣት ለመደ። በአለቱ ላይ ከግርጌ እስከ መደቧ የሚደርስ አንድ ስንጥቅ አለ። የወይራ ችካል በስንጥቁ ውስጥ በመዶሻ ይመታል፤ ገመዱን ያስርበታል፤ ይረግጠዋል፤ ከፍ ብሎ ሌላ ይመታል። ከዚያ ጎንበስ ይልና የታችኛውን ነቅሎ ከረጢቱ ውስጥ ይከታል። ሲወርድም እንዲሁ እየመታ ይወርዳል። ለምን ትነቅላለህ ሲባል "ሰው እንዳይከተለኝ" ይል ነበር። ሊከተለው የሚያስብ ሰው ግን በአዳማ አልነበረም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ ደገፋ እንደ ልማዱ በማለዳ ወጣ። ኩበቱን አጭሶ ማሩን ቆረጠና ቅሉን ሞላ። ሊወርድ ሲነሳ አንዲት ንብ የዓይኑን ቆብ ነደፈችው። እጁን ሲያነሳ ከረጢቱ ከትከሻው ሸርተት አለ። ችካሎቹ፣ መዶሻው፣ ገመዱ፣ ሁሉም እየተንኳኩ ወደ ታች ወረዱ። አንድ ችካል እንኳ ስንጥቁ ውስጥ አልቀረም፤ ሁሉንም በገዛ እጁ ነቅሏቸዋልና።

ከገደሉ ፊት ለፊት የባጫ የጤፍ ማሳ ነው። ባጫ ጎንበስ ብሎ ብቻውን ያጭዳል። ቢጠሩት ይሰማል።

ደገፋ አልጠራውም።

ረፋድ ላይ ቅቤ ነጋዴዋ ከሪማ አህያዋን እየነዳች መጣች። ደገፋ እጁን አወዛወዘላት። እሷም አወዛወዘችለትና በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለችው።

"አካም ቡልተ ደገፋ! ዛሬም ተሰቀልክ?"

"ችካሌ ወደቀ!"

"ምንህ ወደቀ?"

"ችካሌ! መውረድ አቃተኝ!"

ከሪማ አህያዋን አቆመች። "ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ? ቅቤ ቀብቼ ላንሸራትትህ? ያውልህ ባጫ እዚያ አለልህ። መጫኛ ያለው እሱ፣ ነገሩን የሚያውቅ እሱ። ጥራው እንጂ!"

"እሱን አልጠራም!"

"ወይ ጉድ! በል ከንቦችህ ጋር ዋል።"

እንዲህ አለች እንጂ አልጨከነችም፤ ማሳው ድረስ ሄዳ ለባጫ ነገረችው። ባጫ ቀና ሳይል አንድ ነገር ተናገረ። ከሪማ ወደ ገደሉ ዞራ ጮኸች፦

"አፍ የለውም ወይ ይልሃል!"

"ምንም አላልኩትም በይው!"

"ባጫ፣ ምንም አላለህም!"

ባጫ ማጨዱን ቀጠለ። ከሪማ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ "እናንተ ስትኳረፉ ቅቤዬ ይቅለጥ?" አለችና ወደ ገበያዋ ሄደች።

ቀትር ላይ ባቡሩ አለፈ። መንገደኞቹ በመስኮት ብቅ ብለው ከገደል ላይ ለተቀመጠው ሰው እጃቸውን አወዛወዙ። አንድ ሕፃንም ከፍ አድርገው አሳዩት። ደገፋ ምን ያድርግ፣ እሱም አወዛወዘ። የባቡሩ ጭስ ርቆ እስኪጠፋ እጁ እንደተነሳ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያቺ መደብ ከጠዋቱ ይልቅ የጠበበች መሰለችው።

ያን ጊዜ ያ የቀብር ቀን ትዝ አለው። ሰባት ዓመት ለማንም ያልተናገረው ነገር ይህ ነው፦ በዚያ ቀን የወጣው ለአማረች ነበር። ታማ ሳለች "ደገፋ ትንሽ ማር ያቅምሰኝ" ብላ ላከችበት። ብቻውን ሊወጣ አይደፍርም ነበር፤ ግን ባጫን ከአልጋዋ አጠገብ ላለማስነሳት ብሎ፣ ከሌሊቱ ጀምሮ ችካል ሲቀርጽ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታች ወጣ። መሞቷን ማን ይንገረው? ነጭ የለበሰ ሕዝብ በገደሉ ሥር ሲያልፍ አየ። ነፋሱ የለቅሶውን ድምፅ ወደዚያ ይወስዳል፣ ንቦቹ ጆሮው ላይ ይጮሃሉ። የንግሥ ታቦት መስሎት እጁን አወዛወዘ። ወርዶ ማሩን ይዞ ወደ አማረች ሊሄድ ሲል፣ በሩ ላይ የሞቷ ወሬና የባጫ ቃል አንድ ላይ ደረሱት፤ ተመልሶ ተቀመጠ። አንድ ቀን የዘገየ ለቅሶ ሁለት ቀን ሆነ፣ ሳምንት ሆነ፣ ዓመት ሆነ። በዘገየ ቁጥር እግሩ ከበደው።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አለቱን መታችው። የኩበቱ ጭስ ጠፍቷል፤ ንቦቹ ተነሡ። ጋቢውን ተከናንቦ በቀዳዳ ሲያይ፣ ማሳው ላይ ሳይታጨድ የቀረው ጤፍ የአንድ ጋቢ ስፋት ብቻ ነው። ያ ካለቀ ባጫ ማጭዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከሱ ሌላ መጫኛ ይዞ የሚመጣ የለም።

የጋቢው ስፋት የነጠላ ሆነ። የነጠላው የመቀነት ሆነ።

"ባጫ!"

ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ሰባት ዓመት ይህን ስም አልጠራም።

ባጫ ሁለተኛ አላስጠራውም። ቀና አለ። በእጁ የጨበጠውን ጤፍ በደንብ አስሮ አስቀመጠ፤ ያን ያህል እንኳ ሳያስጠብቀው ቢቀር ባጫ አይደለም። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ፤ በገደሉ ጀርባ ሲወጣም ጠጠር ሲንከባለል ተሰማ። መጫኛው ከግንባሩ ላይ ወረደ።

"አሰርክ?" አለ ከላይ።

"አሰርኩ። ያዝ!"

"ይዣለሁ።"

ደገፋ አናቱ ላይ ሲደርስ አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ ቅሉን ግን አልጣለም። ባጫ መጫኛውን ሊጠቀልል ጎንበስ አለ። ፀጉሩ ሸብቷል። ደገፋ ይህን ከሩቅ አላየውም ነበር።

"ባጫ… እግዜር ያጥናህ።"

ባጫ መጠቅለሉን ተወ።

"ለሷ ነበር የወጣሁት። ማር ብላኝ።"

"አውቃለሁ። የላከችብህ እኔ ፊት ነው።"

"ታውቃለህ? ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ…"

"አንተ መጥተህ እስክትነግረኝ።"

"ንቦቹ ይቅበሩት ብለህ?"

"ሚስቴን ቀብሬ የተመለስኩ ሰው ነበርኩ፤ ምን እንድል ፈልገህ ነበር?" አለ ባጫ። "ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር በሩን አያለሁ። እስከ አርባዋ አየሁ። ከዚያም አየሁ።"

ደገፋ ቅሉን መሬት ላይ አኖረና ተቀመጠ። ባጫም ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ሁለቱም መሬት መሬት እያዩ ዝም አሉ። ማሩን የነካው የለም።

ከሪማ ከገበያ ስትመለስ ከገደሉ አናት ላይ ሁለት ሰው አየች። ደስ ብሏት እጇን አወዛወዘች። አልመለሱላትም። እንደገና አወዛወዘች፤ ከሁለቱ አንዱም እጁን አላነሳም።

"አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው" አለች ከተማ ገብታ። ከተማውም አመናት።