ጉዞውን ያስቆምኩበት ጠዋት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ መስቀል አልፎ ጭጋጉ ከተራራው ላይ መሳሳት በጀመረበት ሰሞን ነው። ብዙ ጊዜ አልሆነውም። ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ እያለሁ ድንገት ትዝ ይለኝና፣ ሰው አይቶኝ “ምን አሳቀሽ?” ይለኛል።

የሺ እባላለሁ። የዳባት ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ደባርቅ ነው። የሰሜን ተራሮችን በእግር ለሚጎበኙ እንግዶች ምግብ አበስላለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ረዳት ሆኜ ድንች ልጫለሁ፣ ድስት አጥቤያለሁ፣ ውኃ ቀድቻለሁ። ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዋና ሼፍ ሆኜ ልወጣ ነበር። ለዚህ ያበቃኝ መላኩ የሚባል አስጎብኚ ነው። ሌሎቹ “ሴት ልጅ አምስት ቀን ሙሉ በዚያ ብርድ ኩሽና ትመራለች?” ሲሉ፣ “እኔ እወስዳታለሁ” ብሎ የተከራከረልኝ እሱ ነው።

እንግዶቹ ከአዲስ አበባ የመጡ ስድስት የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ከቡይት ራስ ተነስተን እስከ አምባራስ በእግር ልንጓዝ ነው። እኔ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሬ ስዘጋጅ ሰነበትኩ። ሽሮና ምስሩን የየቀኑን ለየብቻ ቋጠርኩ። እንቁላሉን በጭድ መሐል ደርድሬ ሳጥን ውስጥ አስገባሁ። ሁለቱ እንግዶች ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ ስለተባለ የነሱን ድስት ለይቼ ምልክት አሰርኩበት። ሌሊት እንኳ በህልሜ ጨው ረስቼ ስመለስ አድር ነበር።

የመነሻው ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ጭነት እየተጫነ ነበር። እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ይጠብቃሉ። በቅሎዎቹ ቀድመው መውጣት አለባቸው፤ ከሰዓት ጭጋግ ከወረደ መንገዱ አያስኬድም። እኔ ደግሞ የላምባ ምድጃዎቹን አንድ በአንድ ለኩሼ ሳልሞክር አልጭንም አልኩ። ተራራ ላይ የተበላሸ ምድጃ የሚጠግን የለም።

የላምባውን ጄሪካን ክዳን ስከፍት ሽታው አስደነገጠኝ።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን መብራት አልገባም ነበር፤ እናቴ ላምባ ትቸረችር ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በጣሳ እየሰፈርኩ የምሸጠው እኔ ነኝ። ሽታው ከልብሴ ስለማይለቅ ልጆች ይሳለቁብኝ ነበር። ስለዚህ ላምባን አውቀዋለሁ። ይኼኛው ግን አፍንጫ ይሰነፍጣል። ትንሽ እጄ ላይ ጠብ ሳደርገው ቅዝቅዝ አለኝና ወዲያው ደረቀ። ላምባ እንዲህ አይደርቅም፣ ቅባቱ ይቀራል።

ቤንዚን ነው!

መላኩን ጠራሁት። “ይህን ከየት አመጣኸው?”

“ትናንት ራሴ ነኝ የገዛሁት። ማደያ ላይ ስላጣሁ ከሰው ነው የወሰድኩት። ምነው?”

“ላምባ አይደለም። ቤንዚን ነው።”

ሳቀ። “አንቺ ደግሞ! ሰውየው ላምባ ብሎ ነው የሸጠልኝ። ምናልባት ትንሽ ተቀላቅሎ ይሆናል። በይ አሁን አስጭኚ፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።”

“ትንሽም ቢሆን እኔ አልለኩሰውም።”

ሳቁ ጠፋ። ጠጋ ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ፣ “የሺ፣ ከስንት ሰው ጋር ተጣልቼ ነው ያመጣሁሽ። በመጀመሪያው ቀን አታዋርጂኝ” አለኝ።

ይህ ቃል ልቤን ወጋኝ። እውነቱን ነው፣ ውለታው አለብኝ። እንጨት አንድጄ ላብስል እንዳልል፣ ፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው። “ብሳሳትስ?” ብዬም ፈራሁ። ከተሳሳትኩ ዳግመኛ ሼፍ የሚያደርገኝ ሰው አይኖርም።

ባለ በቅሎው አያ ደምሴ ገመድ እያጠበቁ ነበር። ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው።

“አያ ደምሴ፣ ክብሪት ይዘዋል?” አልኳቸው።

“ይዣለሁ። ምን ልታደርጊ ነው ልጄ?”

“አሳይዎታለሁ። ብቻ በቅሎዎቹን ወዲያ ያርቁልኝ።”

ከጭነቱም ከሰውም ርቄ፣ ከግቢው ጀርባ ገላጣ ቦታ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጥኩ። በአንዱ ላይ ከግቢው ዘበኛ ፋኖስ ጥቂት ላምባ፣ በሌላው ላይ ከጄሪካኑ ጥቂት አፈሰስኩ። ጄሪካኑን ከድኜ አርቄ አስቀመጥኩት። አያ ደምሴ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስረው ለኮሱልኝ።

እሳቱን መጀመሪያ ወደ ፋኖሱ ላምባ አስጠጋሁት። ጨሰ እንጂ አልተያያዘም። ወደ ሌላው ድንጋይ ሳዞረው ግን፣ እሳቱ ገና ሳይነካው ነበልባሉ ዘሎ ተነሳ። በቅሎዎቹ ደነበሩ።

“በስመ አብ!” አሉ አያ ደምሴ።

መላኩ ድንጋዩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። “ድንኳን ውስጥ ቢሆን ኖሮ…” ብሎ ጀመረና ተወው።

እንግዶቹን “በቅሎ ጠፍቶብን ነው የዘገየነው” ሊላቸው ይችል ነበር። አላለም። መኪናው ድረስ ሄዶ፣ እኔ እየሰማሁ፣ “ነዳጅ ሳላረጋግጥ የገዛሁት እኔ ነኝ። አደጋ ላይ ልንወድቅ ነበር፤ ሼፋችን ናት የደረሰችበት። ሁለት ሰዓት ያህል እንዘገያለን፣ ይቅርታ” አላቸው። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ከእንግዶቹ አንዷ ወርዳ ልትጨብጠኝ እጇን ዘረጋች። እጄ ነዳጅ ነዳጅ ስለሚሸት ወደ ኋላዬ ደበቅኩት። እሷ ግን ክንዴን ስባ፣ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

ሱቅ ለሱቅ ዞረን ላምባ አገኘን። አዲስ ጄሪካን አስገዛሁ፣ ቤንዚኑን እዚያው አስቀረሁት። ሦስቱንም ምድጃ ለኩሼ፣ አጥፍቼ፣ እስኪበርዱ ጠብቄ አስጫንኩ። አሁን የሚያጣድፈኝ አልነበረም።

ካምፕ ስንደርስ ጭጋጉ ወርዶ፣ ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ነበር። ሾርባ ስሠራ ስድስቱም እንግዶች ሙቀት ፍለጋ ተራ በተራ ወደ ኩሽናው ድንኳን ገቡ። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው እጃቸውን ወደ ምድጃዬ ዘረጉ። ስለ መንገዱ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ እነሱን አየሁ፣ ሰማያዊውን ነበልባል አየሁ፣ ከዚያ “ውኃ ላምጣ” ብዬ ወጣሁና ጭጋጉ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ወዲያው ደግሞ ሾርባው እንዳይገነፍል ሮጬ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ። መላኩ ሌላ ሼፍ ይዞ አይሄድም። ባለፈው ወር ሥራ ልታይ የመጣች ልጅ፣ “እትዬ የሺ፣ አለቃ ሲቆጣ አልፈራሽም?” አለችኝ። “ፈርቻለሁ” አልኳት። እየፈራሁ ነው እምቢ ያልኩት፤ ይህን ሳስብ ደረቴ ይሞላል።

የንስሐ አባቴ ኩራት ኃጢአት ነው ይላሉ። ይህችን አንዷን ግን እስካሁን አልተናዘዝኳትም።