የእማዬ የጎመን ዘር

እናቴ ስታርፍ፣ ሰበታ ከነበረው የኪራይ ቤቷ ለእኔ የደረሰኝ አንድ እፍኝ የጎመን ዘር ነው። እህቶቼ ጋቢዋንና ድስቶቿን ሲከፋፈሉ እኔ ዘሩን በመሃረብ ቋጥሬ ወደ ቡራዩ ተመለስኩ። የእሷ ጎመን ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ሲበስልም አይመርም፤ እንደሱ ያለ የትም ገበያ አላገኘሁም። ክረምት ሲገባ ምንም ሳላስቀር ጓሮዬ ዘራሁት። ታኅሣሥ ላይ ዘር ያዘ።

ጥር ሙት ዓመቷ ነበርና፣ ለሚመጣው ዘመድ ሁሉ ጥቂት ጥቂት አሽጌ ልሰጥ አሰብኩ። የምሠራው መዝገብ ቤት ስለሆነ በማሸግና ስም በመለጠፍ ማንም አይደርስብኝም ባይ ነኝ።

ዘሩን ሳበጥር ጎረቤታችን ብቅ አሉ። ሱሉልታ ሲያርሱ የኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ልጅ አዋቂው ኦቦ ነው የሚላቸው። አንዷን ፍሬ ነከስ አድርገው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ገና ነው፣ በደንብ አልደረቀም። ሳምንት ጥላ ሥር ይሰንብት» አሉኝ። ቀጥለው ለራሳቸውም ትንሽ ለመኑኝ።

ቆጠቆጠኝ። ከሰፌዱ ሥር የወደቀውን፣ ገለባና አፈር የተቀላቀለበትን ጠርጌ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። አመስግነው ሄዱ።

ምክራቸውንም አልሰማሁም። በማግስቱ ዘሩን በትንንሽ ፌስታል እየጨመርኩ አፉን በሻማ እሳት አሸግኩ። «የእማዬ ጎመን» የሚል፣ ከሥሩም ወሩ የተጻፈበት ወረቀት ለጠፍኩ። ሁሉንም የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደርድሬ ክዳኑን ስገጥም ራሴን አደነቅኩ።

ሙት ዓመቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ታላቅ እህቴ አንዱን ፌስታል አንስታ፣ «ይሄ ነገር አልቦታል እንዴ?» አለች። ቀደድኩት። ዘሩ ተጣብቋል፣ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። ሌሎቹንም ከፈትን፤ ሁሉም ያው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመውም አልቀረልኝም። እናቴ ሁለተኛ የሞተች ያህል ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ዘንድ ሄድኩ። ሰላምታዬን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ የሆነውን ነገርኳቸው። ወደ ውስጥ ገብተው ግድግዳ ላይ ተሰቅላ የነበረች የጨርቅ ከረጢት ይዘው ወጡ። ፈታ አድርገው አሳዩኝ። ዘሩ ጥርት ብሏል፣ የተነፋ አመድ ተነስንሶበታል። እርጥበቱን አመዱ ይጠጣዋል አሉኝ። ለዘመድ በወረቀት ጠቅልዬ ለማደልም፣ ለጓሮዬም የሚበቃ ነበር።

«ኦቦ፣ የሰጠሁዎት እኮ ጥራጊውን ነው» አልኳቸው። ሳልናገር ብወስደው የሚያንቀኝ መሰለኝ።

«አውቃለሁ። ገለባውን ስለቅም ሁለት ቀን ፈጀብኝ» ብለው ሳቁ።

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ፤ አነሰብኝና ደግሜ አልኩ። በዕድሜዬ ሰውን እንደዚያ ቀን ከልቤ አመስግኜ አላውቅም።

«ሁሉንም የሰጠሁሽ እንዳይመስልሽ» አሉኝ ወደ በሩ ሲሸኙኝ። «ግማሹን አስቀርቻለሁ። ደግመሽ ብታበላሺው የት ትሄጃለሽ?»