ብርብራ ያልነካው ግድብ

ዳባት ገበያ አንዲት ነጋዴ የተወቀጠ ብርብራ ስትሰፍር ብናኙ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። አስነጠሰኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። ይህን ዓሣ የሚያሰክር ዱቄት በደርግ ጊዜ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከአባቴ ስልቻ ሰርቄ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ግድቡ ሮጬ ነበር። ሐሳቤ የግድቡን ዓሣ በሙሉ አስክሬ እናቴን ማስደነቅ ነበር።

ልበትነው ብዬ እጄን ስዘረጋ አጎቴ ጋሽ ታከለ ከኋላዬ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«ትንንሾቹንም ጭምር?» አሉ። «ለቤቱ ማንን ልታስቀሪ ነው?»

ዓሣ ደግሞ ምን ቤት አለው ብዬ ግራ ገባኝ። ቁጣቸውን ስጠብቅ ከኪሳቸው ክርና መንጠቆ አወጡ፤ ትል ሰኩልኝ።

«ነፋሱ ውሃውን ወደሚገፋበት ወርውሪ። ዓሣው የሚመገበው እዚያ ድንጋይ ሥር ነው።»

ክሩ ሲወጠር ጮኽኩ። ክንዴን የሚያህል ዓሣ እኔው ራሴ ጎትቼ አወጣሁ። ሌላ ልጨምር ብል «አንድ ይበቃናል» ብለው ወደ ቤት ይዘውኝ ሄዱ።

በዚያው ዓመት ሁለቱም ልጆቻቸው ታፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደው ነበር። ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ «ለቤቱ ማንን ልታስቀሪ ነው?» ካሉኝ ጋር ያገናኘሁት ግን አድጌ ነው።

ጦርነቱ አብቅቶ ታናሽየው ብቻ በእግሩ መጣ። ጋሽ ታከለ መንጠቆውን አውጥተው ሰጡኝ። የልጁ የመጀመሪያ ምሳ ከዚያው ድንጋይ ሥር ያወጣሁት ዓሣ ሆነ።

«ስንት ልስፈርልሽ?» አለችኝ ነጋዴዋ።

«ተይው እቴ፣ እኔ መንጠቆ አለኝ» አልኳት።